አማቴ፣ እኔና የጨለመው ሜዳ

ቴሌቪዥን ታቅፎ ታክሲ የሚሳፈር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሰሚት ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ፣ በአበባማ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አስደግፎ ላቡን የሚጠርግ ጎልማሳ አይታችሁ ከሆነ ያ ሰው እኔ ነኝ። የተነሳሁት ቀላል ነገር ላስተካክል ነበር። የቪዲዮ ጌማችን ስክሪን ጨለመ፤ ላበራው ፈለግሁ። በዚህ መሐል ታክሲው፣ ዳማከሴውና ከአለቃዬ ጋር መኮራረፉ በየት በኩል እንደገቡ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአማቴ ልጀምር። አማቴ ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው ክረምት ታዲያ ውሃ በጀሪካን ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ አዙሯቸው ወደቁ። ጎረቤት ደርሶ ባያነሳቸው ኖሮ ዛሬ ይህን በሳቅ አላወራላችሁም ነበር። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው፣ ብቻቸውን መኖር የለባቸውም አለ። ባለቤቴ ምህረት በዚያው ቀን ወደ እኛ ቤት፣ ወደ ሰሚት አመጣቻቸው።

መጡ እንጂ አልገቡም። ሶፋችን ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤ እሳቸው ግን ጫፉ ላይ፣ ሰው ቢመጣ ቶሎ ለመነሳት በሚያመች አኳኋን ነው የሚቀመጡት። ምግብ ሲቀርብ «በቃኝ» የሚሉት ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነው። ውሃ ከጠማቸው ከኛ አንዱ እስኪጠማው ይጠብቃሉ። ከአፋቸው የማትለይ ቃል «አላስቸግራችሁ» ናት። በየምሽቱ ደግሞ የካ አባዶ ትነሳለች፤ ቤቴን አቧራ በላው፣ ልሂድ እንጂ፣ ደህና እኮ ነኝ። ይህን ባሉ ቁጥር ምህረት ያንን ደረጃ ታስባለች። እኔም አስባለሁ። ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ሶፋው ባዶ ሆኖ እንዳናገኘው።

ያዳነን ጌሙ ነው። ጌሙን የገዛሁት ለራሴ ነው። ምህረት ለእንግዳ ስታስረዳ «ለልጆች ነው» ትላለች፤ ልጅ ገና የለንም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን የእግር ኳስ ስጫወት ጋሽ ታደሰ ከሶፋው ጫፍ ሆነው በዝምታ ያዩኛል። ጎል ገባብኝ። ደገመ። ሠለሰ። በዚህ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ያ የግራ ተከላካይ ወዴት እየሄደ ነው ሲሉ ጠየቁኝ። ሊያጠቃ ነው አልኳቸው። እሱ ካጠቃ ቦታውን ማን ይጠብቃል አሉ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጠኋቸው።

ለካስ በወጣትነታቸው ለመሥሪያ ቤታቸው ቡድን ተከላካይ ነበሩ። ቁልፎቹን ለመልመድ ሁለት ቅዳሜ ፈጀባቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ወየው ለኔ። ጋሽ ታደሰ ኳስ ከያዙ አያወጧትም። ከግራ ተከላካይ ወደ መሐል ተከላካይ፣ ከመሐል ወደ በረኛ፣ ከበረኛ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ተመልሳ ወደ በረኛ። አጥቂዎቻቸው እዚያ ማዶ ቆመው ያዛጋሉ። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ሞዴል 22 የምትባለውን የዕቃ ማውጫ ወረቀት ታውቋታላችሁ፤ ያለ እሷ ከግምጃ ቤት እርሳስ አይወጣም። በጋሽ ታደሰ ሜዳም ኳሷ ሞዴል 22 አልተሠራላትም። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ያልቃል፣ እሳቸውም ምንም እንዳልጎደለ ካረጋገጡ በኋላ ጆይስቲኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ።

እኔ ጎል አምሮኝ ልሞት ደረስኩ፤ ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ መሳቅ ጀመሩ። ኳስ ነጥቀውኝ ሲስቁ ምህረት ከወጥ ቤት ጭልፋ እንደያዘች ብቅ ትልና በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማችውም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የካ አባዶ ሳትነሳ የምታልፍባቸው ምሽቶች መጡ።

ስክሪኑ የጨለመው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። ውጭ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ሜዳው ላይ ግን መሽቷል። ሣሩ ጠቁሯል፣ ተመልካቹ የለም፣ ጥቁር ማሊያ የለበሱት የኔ ልጆች ጭራሽ ጠፍተው ኳስ ብቻዋን ትንከባለላለች። ይታይዎታል ወይ አልኳቸው። በጣም ጥሩ ነው፣ ምንም አይል አሉ፤ ይህን የሚሉት ግን አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው ነው። ከዕረፍት በፊት ጆይስቲኩን አስቀመጡ። ዓይኔ ትንሽ ደከም አለኝ፣ ይብቃን አሉ። በዚያው ምሽት የካ አባዶ ተነሳች።

እኔ እልኸኛ ሰው ነኝ። እናቴ «ይህ ልጅ ከያዘ አይለቅም» ትል ነበር፤ ምርቃት ይሁን ስሞታ ለይቼው አላውቅም። ያን ምሽት አልጋዬ ላይ ሆኜ ማልኩ። ያ ስክሪን ይበራል፣ ሰውዬውም አይሄዱም።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጌሙ ራሱ ነው። ጌሙ የብርሃን ማስተካከያ ገጽ አለው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዋንጫ ምስል ያወጣልህና ምስሉ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ አስተካክል ይልሃል። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ብቻህን ስትሆን ምናልባት ትፈጽመው ይሆናል። እኛ ቤት ግን ሦስት ሰው አለ። ምህረት ዋንጫው ይታያል አለች። እኔ የለም፣ አይታይም አልኩ። እሷ ጠጋ ብላ በጣቷ ዳር ዳሩን አሳየችኝ፤ እኔ የጣቷን አሻራ እንጂ ዋንጫ አላየሁም። በመጨረሻ ነገሩ ለሽማግሌ ይቅረብ ተባለና ጋሽ ታደሰ ተጠየቁ። ስክሪኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያም ምህረትም እውነቷን ነው፣ እርስዎም እውነትዎን ነው ብለው ፈረዱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ ዋንጫ ለምን በጭንቅ ይታያል? ይህን የጌሙ ፈጣሪዎች ያስቡበት።

በነጋታው ሥራ ቦታ ናቲን አማከርኩት። ናቲ ከኔ አጠገብ የሚቀመጥ ወጣት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚጀምረው በአማርኛ ቢሆንም መጨረሻው ላይ አማርኛው በቦታው አይገኝም። «ብሮ፣ ኤችዲአሩ ነው ፕሮብሌሙ» አለኝ። «ቲቪህ ሰፖርት ሳያደርግ ጌሙ ፎርስ እያደረገው ነው። ኦፍ አድርገው፣ ፒክቸር ሞዱን ቪቪድ ላይ ሴት አድርግ፣ ፊኒሽ።» ቅዳሴ ላይ ግዕዝ እንደሚሰማ ሰው በአክብሮት ራሴን ነቀነቅሁ። ቤት ገብቼ አጥፋ ያለኝን አጠፋሁ፣ አብራ ያለኝን አበራሁ። ተአምር ነው የምላችሁ። ሜዳው ቦግ አለ። ሣሩ የአረንጓዴ አረንጓዴ ሆነ፤ ዳኛው ካሮት መሰለ፤ ግን ይታያል። ጋሽ ታደሰም እጅዎ ይባረክ አሉኝ። ያን ምሽት ኳሷን ወደ መሐል ሜዳ ሁለት እርምጃ አውጥተው መለሷት፤ ይህ ለሳቸው ታላቅ ጀብዱ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ስክሪኑ ጨልሟል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጦርነት ነው። ማታ አበራዋለሁ፤ ቀን ይጨልማል። እኔ ቤት ስሆን ይበራል፤ ሥራ ውዬ ስመለስ እንደ ገና ደብዝዞ ይጠብቀኛል። ገመዱን ቀየርኩ። ሶኬቱን ቀየርኩ። ጠረጴዛውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛወርኩ፤ በዚህ ምክንያት በኛ ቤት መብላት የሚቻለው ወደ መስኮት ዞሮ ብቻ ሆነ። ምህረት ዝም አለች። የምህረት ዝምታ ከሌላ ሰው ስድብ ይከብዳል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም የሌለ ምክንያት አገባሁ። ቀን ቀን የሚጨልመው የቀኑ ፀሐይ ስክሪኑን እየደበደበው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በቤቱ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥቼ የሳሎኑን መስኮቶች ሸፈንኩ። ቤቱ ድቅድቅ አለ። ጋሽ ታደሰ በጨለማው ውስጥ «ለኔ ብላችሁ አትቸገሩ» እያሉ ሲደናበሩ የጠረጴዛው እግር መታቸው። ብዙም ሳይቆይ በር ተንኳኳ። ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ዳማከሴ ጨብጠዋል። መስኮታችሁ ተሸፍኖ ባይ ጊዜ ጋሽ ታደሰን ምች መታቸው ብዬ ነው አሉ። ማንም አልታመመም ብንላቸው አላመኑም፤ ደህና ሰው ቤቱን በቀን አያጨልምም። ጌም ለመጫወት ነው ብዬ ላስረዳ ስሞክር ምህረት ጫማዬን ረገጠችኝ። እንግዲህ የመጣ መድኃኒት አይመለስም። ጋሽ ታደሰ ሰው ማስቀየም ስለማይወዱ ዳማከሴው በመዳፍ ታሽቶ ሲሰጣቸው በአፍንጫቸው ሳቡት፣ የቀረውንም በቡና ጠጡት። እኔም ተጋላጭ ነህ ተብዬ ጠጣሁ። ስክሪኑ ግን ከምቹ አልዳነም።

ከዚህ በኋላ ነው ታክሲው የመጣው። ማታ ያበራሁትን ቴሌቪዥን፣ ቀን ሲጨልም ባለሙያ ይየው ብዬ፣ ጠዋት በአበባማው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከሦስተኛ ፎቅ አወረድኩ። ቦሌ አካባቢ አንድ ጠጋኝ አለ ብለውኛል። ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ የሁለት ሰው ትከፍላለህ አለኝ፤ ተስማማሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በብርድ ልብሱ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው እግዜር ይማርልህ አሉኝ። ምን አድርገው እንዳሰቡት አላውቅም፤ ግን እውነቴን ነው፣ ልቤ ተነካ። አሜን አልኩ። መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ ታክሲው በዘለለ ቁጥር እኔም አብሬ እየዘለልኩ፣ ስክሪኑን ከጉልበቴ ጉልበቴን ከስክሪኑ እየጠበቅሁ ደረስኩ።

ጠጋኙ ቴሌቪዥኑን ሰካና ከፈተው። በራ። እንዲህ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሱቁ ውስጥ ያሉት ደንበኞች ፊት ሁሉ ወገግ አለ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ የጥርሱ ሕመም እንደተወው ሰው ቆሜ ቀረሁ። ጠጋኙ ለማንኛውም ብሎ ቅንብሩን ሁሉ ወደ ፋብሪካው መልሶ ሰጠኝ፤ ዕቃው ጤነኛ ነው አለ። የዕቃውን ጤንነት ሲነግረኝ ወደ ዕቃው ሳይሆን ወደኔ ነበር የሚያየው። እንደ አመጣጤ በታክሲ፣ በሁለት ሰው ሒሳብ ተመለስኩ። ማታ በራ። በማግስቱ ጨለመ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህን ጊዜ ነው። በዚያው ምሽት ራት ላይ ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ የካ አባዶ እንደሚሄዱ ነገሩን። አመሰገኑን። ብዙ አስቸገርኳችሁ አሉ። ይህ የዘወትሩ ማንሳት አልነበረም፤ ቁርጥ ነው። ምህረት ሳህኖቹን አነባብራ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ውሃውን ከፍታ ቆየች። ስገባ እያለቀሰች ነው። ስክሪኑን ባስተካክለው ኖሮ አይሄዱም ነበር አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አባቴ ለቴሌቪዥን ብሎ ነው የሚሄደው? አንተ ደግሞ ያንን ነገር ተወው አሁን» አለችኝ።

አልተውኩትም። ከያዝኩ አልለቅም ብያችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልሞከርኩም ነበር፤ ስክሪኑ በሚጨልምበት ሰዓት እዚያው መገኘት። በማግስቱ አለቃዬን ቤት ውስጥ ክትትል የሚፈልግ ሕመምተኛ አለብኝ ብዬ ከቀትር በፊት አስፈቀድኩ። ማን ነው ሲለኝ ስሙን መናገር አልፈለግሁም፤ እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል። ሰሚት ደረስኩ። ደረጃውን በቀስታ ወጣሁ፣ ቁልፉን በቀስታ አዞርኩ።

ሳሎን ውስጥ ጋሽ ታደሰ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዷል። ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘው የእንግሊዝኛውን ዝርዝር እንደ ዳዊት ደጋሚ ፊደል በፊደል እያነበቡ ይወርዳሉ። ኢነርጂ ሴቪንግ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተጫኑት። ከቀረቡት አማራጮች ማክሲመም የሚለውን ፈልገው ያንንም ተጫኑት። ስክሪኑ ድብዝዝ አለ። እሳቸውም ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ትንሽ ተነፈሱ።

«ጋሽ ታደሰ» አልኩ።

ክው አሉ። ሪሞቱን ጋቢያቸው ውስጥ ሊከቱት ቃጡና መልሰው አወጡት። የሰው ዕቃ ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ሰው ይመስል ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያጨልሙት?»

ወለሉን እያዩ ተናገሩ። «እኔ ከመጣሁ ወዲህ የመብራት ካርዳችሁ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ምህረት ደጋግማ ስትሞላ አያታለሁ። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው፣ ያውም ለጨዋታ ብሎ፣ የሰው መብራት አያነድም። ይህች ላይ ቁጠባ የምትል ነገር አገኘሁ። ትንሽ ላግዛችሁ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ቤቴን ዞር ብዬ ያየሁት። የፍሪጁ ማቀዝቀዣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ወርዷል። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ እየወረደብን ተበላሸ ስንል የከረምነው የሻወር ማሞቂያ ከሥሩ ጠፍቷል። የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሏል ብዬ ልቀይረው አስቤ ነበር፤ አልተቃጠለም፣ ተፈቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ከመጡ ጀምሮ ሁለት ደሞዝተኛ ያለበትን ቤት በጸጥታ ሲታደጉ ኖረዋል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልዋሻችሁም። ታክሲው ታወሰኝ፣ ዳማከሴው ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ቀጥሎ የመጣው ግን ሐዘን ነው። እኚህ ሰው በዚያ ጨለማ ውስጥ ዓይናቸውን አጨንቁረው ሲከላከሉ የከረሙት ጎላቸውን ሳይሆን የኔን ቆጣሪ ነው። በሕይወታቸው የቀረቻቸውን አንዲት ደስታ እንኳ በሰው ሒሳብ እንደሚበሉ ቆጥረው፣ ቀንሰው፣ አደብዝዘው ነው የወሰዷት። ስክሪኑን አሁን ባበራው ምን ዋጋ አለው? ሰውዬው እንግዳ እስከሆኑ ድረስ ነገም ይጨልማል፤ እሑድም ይሄዳሉ።

ምላሴ ላይ የነበረው «እንዴ፣ ቤትዎ እኮ ነው» የሚለው ነበር። ልለው ስል ቆምኩ። እስኪ አስቡት፤ «ቤትህ ነው» የሚባለው ቤቱ ላልሆነ ሰው ብቻ ነው። እኔን በገዛ ቤቴ «ቤትህ ነው፣ ተጫወት» ያለኝ ሰው የለም። እኔን የሚሉኝ «ቆሻሻውን ጣል» ነው። እኛ ደግሞ እኚህን ሰው ከመጡ ጀምሮ ያላልናቸው ይህን ነው፤ ምን ልታዘዝ እንጂ ይታዘዙን ብለናቸው አናውቅም።

ኪሴ ውስጥ የመብራት ካርዱ ነበር። አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «እንግዲያው ጋሽ ታደሰ» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን ፊቴን አኮሳትሬ፣ «እኔ መሙላቱን እየረሳሁ ስንቴ ጨለማ ውስጥ ራት በልተናል። ምህረትም ትሰለቻለች። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት መብራት ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ቢያልቅም ቢባክንም የምጠይቀው እርስዎን ነው።»

ካርዱን አዩት። አልነኩትም። ተሳሳትኩ፣ ሰውዬውን አስቀየምኩ ብዬ ካርዱን መልሼ ላነሳ ስል ቀስ ብለው ከበርጩማው ተነሱ። ወገባቸው ቀና አለ። እንዲህ ረዥም ሰው መሆናቸውን አላስተዋልኩም ነበር።

«ያለ ርክክብ አይሆንም» አሉ።

ርክክቡ የዚያኑ ዕለት ምህረት ከሥራ እንደተመለሰች ተካሄደ። ወረቀቱ ይቅር፣ በቃል ይበቃል ብዬ ለመንኩ፤ ምስክር ከተገኘ ይሁን አሉ። እትዬ ዘነቡ ተጠርተው መጡ። ጋሽ ታደሰ ከፊት፣ እኔ በአስረካቢነት ከጎን፣ ምህረትና እትዬ ዘነቡ ከኋላ ሆነን ቤቱን ዞርን። እያንዳንዱ አምፖል በርቶ ጠፍቶ ታየ። እያንዳንዱ ሶኬት ተነካ። አንዱ ሶኬት ሽፋኑ መሰንጠቁ ሲታወቅ አስረካቢው ምን ይላል ተባልኩ፤ ሳላውቅ ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኮሪደር ስንደርስ ጋሽ ታደሰ አምፖሉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ወደ ቦታው መለሱት። ምህረት ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ልትከተው ደረሰች። መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥኑና ጌሙ ጋ ደረስን። ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡ። ሥራ ላይ ያለ ንብረት ስለሆነ ሙሉ ብርሃን ይፈቀድለታል ብለው ወሰኑ፤ ሪሞቱን ተቀብለውኝ ቁጠባውን ራሳቸው አጠፉት። ሜዳው ፍንትው አለ።

ከዚያ እሑድ መጣ። ቁርጡን ነግረውን ስለነበር ምህረት ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው። ቅዳሴ ወጥተው ሲመለሱ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለየካ አባዶ መኪና ልጥራ ወይ አልኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ። «ይህን ሁሉ ንብረት የተረከበ ሰው ጥሎት ይሄዳል?» አሉ። «መጀመሪያ ደህና ተረካቢ ይገኝ።» ጫማቸውን አወለቁና ገብተው ሶፋው መሐል ላይ ተቀመጡ።

ደህና ተረካቢ ፍለጋው እስከ ዛሬ እንደቀጠለ ነው። ምህረት ታጨች፤ ካውያ ሰክታ ስልክ ስታወራ ተገኝታ ወደቀች። እኔን በየጊዜው ይመዝኑኛል። አንዳንድ ምሽት ጌም ስንጫወት፣ ኳሷን ከበረኛ ወደ ተከላካይ እያንሸራሸሩ፣ በጎን ያዩኝና ይህ ሰው አንድ ቀን ይሻሻል ይሆን የሚል ነገር በዓይናቸው ያልፋል። ያን ጊዜ እፈራለሁ። የተሻሻልኩ ቀን አስረክበውኝ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ መታጠቢያ ቤት እገባና መብራቱን አበራለሁ። አላጠፋውም። ጫማዬን አስሬ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ በሩን በቀስታ ከፍቼ ደረጃው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። በስምንት ዓመት አማችነቴ ከ«እርስዎ» በቀር ሌላ ያልጠሩኝ ሰው ከውስጥ ሲጮሁ ይሰማኛል።

«አንተ፣ ይህን መብራት ማን ያጥፋልህ?»

ይቅርታ፣ ረሳሁት እላለሁ። ደረጃውን በደስታ እወርዳለሁ።